የካታማራን ዊንድላስ ሽቦ፦ ሞተሩን ከመክሰስ በፊት ኬብሉን መለካት

መልህቅ ሲነሳ ዊንድላሱ (መልህቁንና ሰንሰለቱን የሚስበው የኤሌክትሪክ መሣሪያ) እያቃሰተ ሰንሰለቱን በግድ የሚያወጣ ከሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ሞተሩን ነው። ካታማራን (ጎን ለጎን ሁለት ቀፎ ያለው ጀልባ) ላይ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከባትሪው እስከ ሞተሩ ባለው መንገድ ነው፤ ዞሮ ዞሮ በሚሄደው ኬብል፣ በላላ ወይም አረንጓዴ ባወጣ መጋጠሚያ፣ ጨው ሲጠጣ በከረመ ሶሌኖይድ (የሞተሩን ትልቅ ጅረት በመግነጢስ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ)። እነዚህ ሳይነኩ አዲስ ሞተር ቢገጠም አዲሱም የሚደርሰው ያው 10 ቮልት ነው።

ነገሩ ከጀልባው ቅርጽ ይጀምራል። ዊንድላሱ መሃል ላይ፣ ከምሰሶው ፊት ባለው የሰንሰለት ማስቀመጫ አካባቢ ይቀመጣል። ባትሪዎቹ ሳሎን መቀመጫ ሥር፣ አለዚያም ከኋላ በአንዱ ቀፎ ውስጥ የጀልባው መንጃ ሞተር አጠገብ ናቸው። ቀጥታ ቢለካ ርቀቱ 9 ሜትር በሆነበት ጀልባ ላይ ኬብሉ 14 ሜትር ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ሌሎቹ ሽቦዎች በሚያልፉበት በኩል ወደ ቀፎው አውርዶ፣ በካቢኖቹ ጎን አሳልፎ፣ ከፊት እንደገና ወደ ላይ ያወጣዋል። ለኤሌክትሪክ ደግሞ መንገዱ ደርሶ መልስ ስለሆነ 14 ሜትሩ 28 ይሆናል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የደርሶ መልሱን ርዝመት በሜትር በ0.0175 አባዙት፣ ከዚያ ለኬብሉ ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር አካፍሉት፤ የሚወጣው ሬዚስታንሱ ነው፣ በኦም። 28 ሜትር በ35 ካሬ ሚሊሜትር 0.014 ኦም ይሰጣል። 1000 ዋት የሆነ የ12 ቮልት ሞተር በመደበኛ ጭነት ከ80 እስከ 100 አምፔር ስለሚስብ፣ በ100 አምፔር ኬብሉ ብቻውን 1.4 ቮልት ይበላል ማለት ነው። ወደ 12 በመቶ ይጠጋል፤ መጋጠሚያዎቹ ገና አልተቆጠሩም። የአሜሪካ የጀልባና ያት ምክር ቤት ኢ-11 ደረጃ ወሳኝ ላልሆኑ መስመሮች እስከ 10 በመቶ ይፈቅዳል፣ ለጉዞ መብራቶችና ለመሰሎቻቸው 3 በመቶ። ለዊንድላስ 10 በመቶው ልቅ ነው፤ ከ5 በመቶ አካባቢ መድረስ ይቻላል፣ ወጪውም አያስቆጭም።

አሁን ይህን አስተያዩ። ውፍረቱን ሳይነኩ መንገዱን ወደ 9 ሜትር ብቻ ማሳጠር ብክነቱን ከ1.4 ወደ 0.9 ቮልት ያወርደዋል። በድሮው ረጅም መንገድ ኬብሉን ወደ 70 ካሬ ሚሊሜትር ማወፈር 0.7 ቮልት ላይ ያደርሰዋል። በአጭሩ መንገድ 50 ካሬ ሚሊሜትር ግን 0.63 ቮልት ነው፤ ይኸውም ቀጭን፣ ቀላልና በየማዕዘኑ ለመታጠፍ የሚመች ኬብል ሆኖ። በአጭሩ መንገድ 70 ካሬ ሚሊሜትር 0.45 ቮልት ይወስዳል። የ70 ካሬ ሚሊሜትር ኬብል መዳቡ ብቻ በሜትር 620 ግራም ስለሚመዝን፣ 28 ሜትር ከ17 ኪሎ በላይ ነው። ካታማራን ከፊቱ ሲከብድ ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ማሳጠር፣ ቀጥሎ ማወፈር ነው።

መለካት

ምንም ሳይፈታ መለካት ግድ ነው፤ ያለበለዚያ ሥራው ካለቀ በኋላ ምን እንደተገኘ የሚያሳይ ማስረጃ አይኖርም። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጭነት ያስፈልጋል። ሰንሰለቱን ቋሚ ነገር ላይ አስሮ ሞተሩን ማፈን የማርሹን ሳጥንና ብሬከሩን ማሠቃየት ነው። የሚሻለው 15 ሜትር ጥልቀት ላይ መልህቁ ከመሬት ተላቆ ሲንጠለጠል፣ ልክ መሳብ ሲጀምር ማንበብ ነው። የ10 ሚሊሜትር ሰንሰለት በሜትር 2.2 ኪሎ ገደማ ስለሆነ 33 ኪሎ ሰንሰለት፣ ሲደመር መልህቁ። ውሃው ከብረት ክብደት አንድ ስምንተኛ ያህል ቢያቀልም በሚቀጥለውም ልኬት ያንኑ ያህል ያቀላል።

አንድ ሰው ማብሪያው ላይ፣ ሌላው መልቲሜትሩ ጋ ይሁን። ቀጥታ ጅረት የሚለካ ክላምፕ ሜትር ካለ አምፔሩን በፖዘቲቩ ኬብል ላይ አንብቡ። ተራው የቤት ኤሌክትሪክ ክላምፕ ተለዋዋጭ ጅረትን ብቻ ስለሚያነብ እዚህ ዜሮ ያሳያል። ከዚያ የባትሪውን ቮልቴጅ በራሱ በባትሪው እግር ላይ፣ ኬብሉ የታሰረበት ላግ (የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ቀዳዳ ብረት) ላይ ሳይሆን፣ የሞተሩንም በሞተሩ ብሎኖች ላይ። ልዩነቱ ጠቅላላ ብክነቱ ነው።

ጠቅላላው ቁጥር ግን የት እንደጠፋ አይናገርም። ለዚህ አንድ ረጅም ቀጭን ሽቦ፣ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃዋል፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ1 አምፔር ፊውዝ አድርጎ እስከ ዊንድላሱ መዘርጋት ነው። መልቲሜትር ከሞላ ጎደል ምንም ጅረት ስለማይስብ የሽቦው ቀጭንነት ንባቡን አያዛባም። አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ በዚህ ሽቦ፣ ሌላውን በሞተሩ ፖዘቲቭ ላይ ሲያደርጉ የፖዘቲቩ መስመር ብክነት ብቻውን ይነበባል። ለኔጋቲቩም እንዲሁ። ኔጋቲቩን መለካት ብዙ ሰው ይዘላል፤ ነገር ግን ግማሹ መንገድ እሱ ነው፣ የተደበቀ መጋጠሚያ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። በመጨረሻ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ፣ ማጥፊያና ፊውዝ ግራና ቀኝ ለኩ። አንድ መጋጠሚያ በ100 አምፔር 0.1 ቮልት ካሳየ እዚያ 10 ዋት እየተቃጠለ ነው። በሙቀት የሚሠራ ብሬከር በባሕርይው ትንሽ ይወስዳል፣ ላግና ዳዶ ግን ይህን ያህል መውሰድ የለባቸውም።

በነገራችን ላይ "ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ ብዙ አምፔር ይስባል" የሚለው ወሬ ለዚህ ሞተር አይሠራም። ቋሚ ማግኔት ባለው ሞተር ጅረቱን የሚወስነው የሚሸከመው ጉልበት ነው፤ ቮልቴጅ ሲያንስ የሚቀንሰው ፍጥነቱ ነው። ሞተሩ የሚሞቀው ያንኑ ጅረት ለረጅም ጊዜ ስለሚሸከምና ለመታፈን ስለሚቀርብ ነው። በዝቅተኛ ቮልቴጅ እውነተኛው ተጎጂ ሶሌኖይዱ ነው፣ እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መንገዱና ኬብሉ

አጭሩ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ከሳሎኑ ወለል ሥር ወይም በምሰሶው መደገፊያ ጎን ወደ ፊት ይወጣል። ከመቦርቦር በፊት ከወዲያኛው በኩል ያለውን ማየት ያስፈልጋል፤ እዚያ አካባቢ የውሃ ታንክ፣ የምሰሶ መሠረትና መዋቅሩን የሚሸከሙ ግድግዳዎች አሉ። መዋቅር የሚሸከም ግድግዳ ላይ ጠርዙ አጠገብ አይበሳም። ውሃ የማያሳልፍ የፊት ግድግዳ ላይ የሚበሳ ቀዳዳ ሁሉ በኬብል ግላንድ (ኬብሉን ዙሪያውን አጥብቆ በሚይዝ ማሸጊያ) መታሸግ አለበት፣ ለእያንዳንዱ ኬብል አንድ ግላንድ። ሁለት ወፍራም ኬብል በአንድ ቀዳዳ አስገብቶ ሲሊኮን መሙላት ግድግዳውን ውሃ የሚያስገባ አድርጎ መተው ነው። ሳንድዊች በሆነ ግድግዳ ደግሞ የመካከለኛው ፎም ወይም እንጨት ጠርዝ በኢፖክሲ ይዘጋ።

ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ከጥግ እስከ ጥግ ተጣብቀው ይሂዱ። 100 አምፔር የተሸከመ ነጠላ ኬብል በዙሪያው መግነጢሳዊ ጉልበት ይፈጥራል፤ ጥንዱ ሲጎራበት አንዱ የሌላውን ያጠፋል። ብዙ ካታማራን የአውቶፓይለቱን (ጀልባውን በራሱ የሚመራውን መሣሪያ) ኮምፓስ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ወይም አልጋ ሥር ይደብቃል፣ ኬብሉ በአጠገቡ ሲያልፍ መልህቅ በተነሳ ቁጥር አቅጣጫው ይዘላል። ቦታውን አስቀድሞ ማወቅና ቢያንስ 1 ሜትር መራቅ ነው።

ኬብሉ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው፣ በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ይሁን። ያልተለበጠ የብየዳ ኬብል ሲታጠፍ ደስ ይላል፣ ግን ጨው በላጉ በኩል ገብቶ ክሮቹን በሽፋኑ ሥር እያጠቆረ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ ከውጭ ምንም ሳይታይ። ማሰሪያ በየ45 ሴንቲሜትር።

ላጉ በባለ ስድስት ጎን መጭመቂያ ይጨመቃል። በመዶሻ የሚመታው ዓይነት ለጊዜው ይይዛል፣ ክሮቹን ግን ወጥ አድርጎ አያጣብቅም። ጥሩ የተጨመቀ ላግ በመጋዝ ለሁለት ቢቆረጥ ክሮቹ አንድ ጠጣር መዳብ መስለው ይታያሉ፤ መጭመቂያው ከላጉ መጠን ጋር መስማማቱን ለማወቅ አንድ ላግ መሥዋዕት ማድረግ ተገቢ ነው። ከዚያ ውስጡ ሙጫ ያለው፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ፤ ሙጫው በሁለቱም ጫፍ ተንጠባጥቦ እስኪታይ ድረስ ይሞቅ።

ብሎኑ ላይ ያለው ቅደም ተከተል ደግሞ ስንቱን ዊንድላስ አድክሟል። ላጉ በቀጥታ የመዳብ ወይም የነሐስ ገጹ ላይ ይቀመጣል፣ ከላዩ ሮንዴላ፣ ከዚያ ስፕሪንግ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። ሮንዴላው ከላጉ ሥር ከገባ 100 አምፔሩ በእሱ በኩል እንዲያልፍ ይገደዳል፤ የማይዝግ ብረት ደግሞ ጅረትን የሚቃወመው ከመዳብ 40 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በሞተሩ ብሎኖች ላይ ሁለት ዳዶ ካለ የታችኛውን በአንድ መፍቻ ይዞ የላይኛውን ማጥበቅ ግዴታ ነው። አለዚያ ብሎኑ ራሱ ይዞርና በሞተሩ ውስጥ የተበየደውን ሽቦ ይቆርጣል፣ ያ ደግሞ ሞተሩን አውርዶ መክፈት ማለት ነው።

ፊውዝና ብሬከር

ሁለቱ የተለያየ ሥራ አላቸው። ባትሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው ኬብሉን ነው፤ አንድ ቦታ ተልጦ ሾርት ቢያደርግ እሳት እንዳይነሳ። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሞተሩን ነው፤ ሰንሰለቱ ተቀርቅሮ ሞተሩ ሲታፈንና ከመደበኛው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሲስብ። ብሬከሩ የሞተሩ መመሪያ የሚለው መጠን ይሁን፣ አይለወጥ። ፊውዙ ከብሬከሩ ይበልጣል፣ ኬብሉ ከሚችለው ግን አይበልጥም፤ ለ70 ካሬ ሚሊሜትር 200 ወይም 250 አምፔር የተለመደ ነው። ኢ-11 ፊውዙን ከምንጩ በ7 ኢንች፣ ማለትም በ18 ሴንቲሜትር ውስጥ ይፈልገዋል፤ ኬብሉ በቀጥታ ከባትሪው እግር ተነስቶ በቱቦ ወይም በሽፋን ውስጥ የሚሄድ ከሆነ እስከ 1.8 ሜትር ይፈቅዳል።

ባትሪው ሊቲየም ከሆነ የፊውዙ ዓይነትም ያሳስባል። ሊቲየም ሾርት ሲሆን ብዙ ሺህ አምፔር ስለሚለቅ፣ ተራ ፊውዝ ውስጡ ቢቀልጥም ብልጭታው በአየር ላይ መንገዱን ሊቀጥል ይችላል። ክላስ ቲ ፊውዝ እስከ 20,000 አምፔር ይቆርጣል፣ ሜጋ የሚባለው 2,000 ብቻ። በተጨማሪ የባትሪው ቢኤምኤስ (ባትሪውን የሚጠብቀው የውስጥ መቆጣጠሪያ) የዊንድላሱን መነሻ ግፊት መቻሉን አረጋግጡ። መልህቁ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ቢኤምኤሱ ከቆረጠ የሚጠፋው የጀልባው ኤሌክትሪክ ሁሉ ነው።

ብሬከሩ የሚቀመጥበት ቦታ እጅ የሚደርስበት ይሁን። አንዳንድ ካታማራን ከፊት ካቢን ፍራሽ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ነፋስ ተነስቶ መልህቅ እየተጎተተ ሳለ ፍራሽ ማንሳት የሚያስፈልግ ከሆነ ቦታው ልክ አይደለም።

ሶሌኖይዱና መቆጣጠሪያው

ሞተሩ ሁለት ብሎን ካለው አቅጣጫውን የሚለውጠው የሶሌኖይድ ሳጥን ፖላሪቲውን ይገለብጣል። ሦስት ብሎን ካለው ኔጋቲቩ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ይታሰርና ሳጥኑ ፖዘቲቩን ከሁለቱ ወደ አንዱ ይልካል፤ ስለዚህ ሳጥኑ ከራቀ ሦስት ወፍራም ኬብል ወደ ፊት መጎተት ይመጣል። በሁለቱም ዓይነት ሳጥኑ ለሞተሩ ቅርብ፣ ግን ከሰንሰለት ማስቀመጫው ውጭ፣ ከደረቁ ግድግዳ ጀርባ መሆን አለበት። ኬብሎቹ ወደ ሳጥኑ ከመግባታቸው በፊት ወደ ታች ዝቅ ብለው ይውጡ፣ ተከትሎ የሚመጣው ውሃ ዝቅ ካለው ቦታ ይንጠባጠባል።

የሶሌኖይዱ ጉዳት እንዲህ ነው የሚመጣው። ኮይሉ (ሶሌኖይዱን የሚያሠራው የሽቦ ጥምጥም) ኃይሉን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ላይ ካለው ከዚያው ወፍራም ኬብል ነው። ሞተሩ ሲነሳ ግፊቱ ቮልቴጁን ይጥለዋል፣ ኮይሉ ይለቃል፣ ሲለቅ ሞተሩ ይቆማል፣ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ኮይሉ እንደገና ይይዛል። በጆሮ ሲሰማ ታ-ታ-ታ የሚል ፈጣን ድምፅ ነው። በእያንዳንዱ ታ ኮንታክቱ ላይ ብልጭታ አለ፤ ገጹ ይጎረብጣል፣ አንድ ቀን ተበይዶ ይቀራል። ያኔ ጣት ከማብሪያው ቢነሳም ዊንድላሱ አይቆምም፣ መልህቁን በሚያርፍበት ሮለር ላይ እየደበደበ ይቀጥላል። ብሬከሩ ወይም ማጥፊያው ቅርብ መሆን ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መድኃኒቱ፣ ወፍራሙ ኬብል ከተስተካከለ በኋላም፣ ኮይሉን ለብቻው መመገብ ነው፤ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከባትሪው ወገን፣ በ5 አምፔር ፊውዝ። የኮይሉ ኔጋቲቭ ለብቻው የሚወጣበት ሳጥን ከሆነ እሱም በራሱ ሽቦ ይመለስ፤ ወፍራሙ ኔጋቲቭ ላይ ከታሰረ ግማሹ ጥቅም ይቀራል። ይህ መስመር መሪው አጠገብ በሚቀመጥ ትንሽ ማብሪያ ውስጥ ይለፍ።

ይህች ማብሪያ ለሌላም ትጠቅማለች። የእግር ማብሪያዎች የጎማ ሽፋናቸው በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ጨዋማ ውሃ ይገባና ሁለቱን ኮንታክት ያገናኛል። ውጤቱ ማንም ሳይነካው የሚነሳ ዊንድላስ ነው። በጉዞ ላይ ሁሉ መቆጣጠሪያው ጠፍቶ መሄድ አለበት።

ገመድ አልባ ሪሞት የሚጨመር ከሆነ መቀበያው ከእግር ማብሪያዎቹ ጋር በትይዩ፣ በኮይሎቹ ሽቦ ላይ ይገባል። ኮይል ሲጠፋ የሚወረውረው የቮልቴጅ ግፊት መቀበያውን ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ሳጥኑ በውስጡ መከላከያ ከሌለው በእያንዳንዱ ኮይል ላይ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ይታሰር፣ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ። ተገልብጦ ከታሰረ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በመልቲሜትር የትኛው እግር ፖዘቲቭ እንደሆነ ይታይ። የሰንሰለት ሜትር ቆጣሪ ካለ የማግኔት ሴንሰሩ ሽቦ ከወፍራሞቹ ኬብሎች ተለይቶ ይሂድ፣ አለዚያ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ቁጥር ሊዘል ይችላል።

የሞተር ቁልፉ

ብዙ ካታማራን ዊንድላሱን የሚያሠራው ከሁለቱ የጀልባው መንጃ ሞተሮች አንዱ ሲነሳ ብቻ ነው፤ አንድ ሪሌይ (በትንሽ ምልክት የሚሠራ ማብሪያ) የአልተርኔተሩን ወይም የዘይት ግፊቱን ምልክት ይጠብቃል። ሐሳቡ ባትሪውን ማዳን ነው። ሒሳቡን ስናየው ግን 100 አምፔር ለ5 ደቂቃ 8.3 አምፔር ሰዓት ነው፤ ለቤት ባትሪ (የጀልባውን መብራትና ሌላውን ሁሉ ለሚመግበው) ቁም ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ያ ሞተር አልነሳ ባለበት ሌሊት መልህቅ ማንሳት አለመቻል ቁም ነገር ነው። ሪሌዩን ከማስወገድ ይልቅ ሦስት ቦታ ያለው ማብሪያ ማስገባት ይሻላል፦ በሞተር፣ ጠፍቷል፣ ያለ ሞተር። ልማዱ ግን ሞተር አስነስቶ ማንሳት ይሁን፤ አልተርኔተሩ መስመሩን 13.8 ቮልት ላይ ሲይዝ ኬብል ከማወፈር የሚበልጥ ጥቅም ያስገኛል። ዊንድላሱ ከአንዱ ሞተር ማስነሻ ባትሪ የሚበላ ከሆነ ወደ ቤት ባትሪ ማዛወር ነው።

ለዊንድላሱ ብቻ የሚሆን ባትሪ ከፊት ማስቀመጥ የሚል ሐሳብም አለ። ኬብሉን ያሳጥራል፣ በምትኩ 30 ኪሎ እርሳስ አፍንጫው ላይ ያስቀምጣል። ይህን የሚያደርግ ሰው ቢያንስ በዲሲ-ዲሲ ቻርጀር (ከአንድ ባትሪ ወስዶ ሌላውን በሚሞላ) ይሙላው እንጂ በሪሌይ አያገናኘው፤ ሪሌዩ እንደተዘጋ ዊንድላሱ ጅረቱን በዚያ ቀጭን የቻርጅ ሽቦ ከኋላ ሊስብ ይሞክራል።

ማሳ (ኔጋቲቭ የሚያያዝበት ብረት) እና ሰንሰለት

ኬብሎቹ ተፈተው ሳለ አንድ ፈተና ይቀራል። ከእያንዳንዱ የሞተር ብሎን እስከ ሞተሩ ቀፎ ያለውን ሬዚስታንስ ለኩ። ሁለት ብሎን ያለው ሞተር ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም፤ ጥቂት ኪሎ ኦም ካሳየ ውስጡ እርጥበት ወይም የካርቦን ብናኝ አለ። ግንኙነቱ ካለ ሰንሰለቱ በዊንድላሱ በኩል ከኔጋቲቩ፣ ከዚያ ከጀልባው መንጃ ሞተር፣ ከዚያ ከአሉሚኒየም ሴይልድራይቩ (ከቀፎው ሥር ፕሮፔለሩን ከሚያዞረው ክፍል) ጋር ይያያዛል፤ ሁሉም በአንድ የጨው ውሃ ውስጥ ናቸው። የሰንሰለቱ ዚንክ ለሌሎቹ ብረቶች ሲል ይበላል፤ አዲስ ሰንሰለት ውሃ ውስጥ ያለው ክፍል ብቻ ቶሎ መዛግ ከጀመረ እዚህ መፈለግ ነው። ከሁለቱ አፍንጫዎች የሚነሳው መንታ ገመድ ጭነቱን ቢቀበልም ሰንሰለቱ መዘውሩ ላይ ተቀምጦ ስለሚያድር ግንኙነቱን አያቋርጥም።

ሥራው ሲያልቅ ያንኑ ልኬት በዚያው ጥልቀት ድገሙ፤ ባትሪ፣ ሞተር፣ አምፔር፣ ፖዘቲቭ መስመር፣ ኔጋቲቭ መስመር። አምስቱን ቁጥሮች ከቀኑ ጋር በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይለቅ እስክርቢቶ ጻፉ። አዲስ ላግ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ስለሚለዝብ ዳዶዎቹን ከተወሰኑ ማንሳቶች በኋላ እንደገና አጥብቁ፣ የሞተሩን የታችኛውን ዳዶ መያዝ ሳይረሳ። መከላከያ ቅባት ወይም ስፕሬይ የሚቀባው ከዚህ በኋላ ነው፣ ከላይ ብቻ እንጂ በላጉና በገጹ መካከል አይደለም።